የቀስ በል ግራ እግር

አባቴ የሞተ ሰሞን ሊያጽናኑን የመጡት ሁሉ የሚያወሩት ስለ እጁ ነበር። እጀ ወርቅ ነበር፣ መሪ ሲይዝ ሕፃን ያቀፈ ይመስል ነበር፣ እንዲህ ያለ እጅ ከእንግዲህ አይገኝም ተባለ። ስለ ሞተ ሰው የሚወራውን ዝም ብሎ መስማት ደንብ ነውና እኔም አፌን ይዤ ሰማሁ። ውስጤ ግን ይበግን ነበር። የአባቴ እጅ እንደ ማንም ሰው እጅ ነው። ምስማር ሲመታ የገዛ አውራ ጣቱን የሚመታ፣ አምፖል ሲቀይር ሰብሮ የሚወርድ ሰው ነበር። እኔንና እኅቴን ያሳደገን ግራ እግሩ ነው። ስለዚያ እግር ማንም አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቀብረነው ስለተመለስን፣ እኔ ልናገር።

ሥራው መስታወት ማመላለስ ነበር። እኔ ተቀጥሬ የሥዕልና የመስታወት ፍሬም የምሠራበት ሱቅ ባለቤት መስታወት ቆራጭ ነው። እሱ በልኩ ይቆርጣል፤ አባዬ ደግሞ በአሮጌ ፒክአፑ ጭኖ የሚገጠምበት ቦታ ያደርሳል። መስታወት ተኝቶ አይጓዝም። ከኋላ ጭነቱ ላይ ከእንጨት የተሠራ፣ አሮጌ ምንጣፍ የለበሰ መደገፊያ አለ፤ እሱ ላይ በጎኑ ቆሞ፣ በገመድ ታስሮ ነው የሚሄደው። እንዲህ የቆመ መስታወት የመንገድ ጉድጓድ ይችላል። የማይችለው የመኪና መዝለልን ነው። መኪናው ሲነሳ ዘለል ካለ ሁሉም ባንዴ ወደ ኋላ ይሄዱና አንዱ ካንዱ ይጋጫል፤ ከዚያ በኋላ ወርዶ ማየትም አያስፈልግም።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ያለው ፍሪሲዮን ላይ ነው። ግራ እግር ሲረግጠው ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ፣ ሲለቀው ይያያዛሉ። ብዙ ሹፌር ሲለቀው መኪናዋ ትደነግጣለች። አባዬ ሲለቀው ግን መቼ እንደያዘ አይታወቅም ነበር። አጠገብህ የነበረው የግንብ አጥር ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሲሄድ ታያለህ፤ መነሳታችንን የምታውቀው ያኔ ነው።

ጫኞቹንም፣ መንገደኛውንም፣ እናታችንንም «ቀስ በል፣ ቀስ በይ» ከማለቱ ብዛት ስሙ ራሱ ቀስ በል ሆኖ ቀረ። ቆራጩ ቀልድ ይወዳል፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ የኔ መስታወት ግን እግር ስላልፈጠረበት በቀስ በል እግር ነው የሚሄደው» ይል ነበር። ጭነት ሲራገፍ እያንዳንዱን መስታወት በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርገዋል። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። አባዬ ካደረሰው ውስጥ አንድም ታፍኖ አያውቅም፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ አባዬም ሰፈሩ እንደሚያውቅ ያውቃል።

ፒክአፗ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበር አሉ። የነዳጅ መለኪያዋ ሞላም ጎደለም ግማሽ ላይ ነው። የተሳፋሪው በር ከውስጥ ያለው መክፈቻው ከተሰበረ ቆይቷል፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፣ እጁን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ በሩን በትከሻው ካልገፋ አይወርድም። እዚያ ዘወትር የምትቀመጠው እናቴ ናት። በሩን እንዲያሠራው ደጋግማ ነግራዋለች፤ እሱም «ይከፈታል እኮ» እያለ ያልፈዋል። ፍሪሲዮን ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ትንሽ ጠባዩ ከተለወጠ በዚያው ቀን እኅቴ ጋራዥ ይገኛል።

እኅቴ መካኒክ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ፒክአፗ ሥር እየገባች ቁልፍ ስታቀብል አድጋ፣ ጋራዥ ተቀጥራ፣ ኋላ የራሷን ቦታ ከፈተች። ሴት ልጅ ከመኪና ሥር ምን ትሠራለች ብሎ የሚያሾፍ ሲመጣ አባዬ «መኪና ላይ ተቀምጦ ከሚያወራ ወንድ ሥር ተኝታ የምትሠራ ሴት ትሻላለች» ይል ነበር። እኔን መንዳት ሊያስተምረኝ ሞክሮ ከግቢያችን በር ሳንወጣ ተወኝ። «አንተ ፍሬም ሥራ፤ ፍሬም አይነሳም፣ አይቆምም» አለኝ። ከእሱ ሌላ በሹፌሩ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ቢኖር እኅቴ ብቻ ናት፤ እሷም ጋራዥ ውስጥ፣ ለሙከራ ያህል።

የፍሪሲዮን ልኩ ሁለት ጣት ነው ትላለች። ፔዳሉን በእጅ ጫን ሲሉት ሁለት ጣት ያህል ያለ ምንም ክብደት መውረድ አለበት፤ መክበድ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ያ ባዶ ቦታ ከጠፋ፣ ማንም ሳይረግጠውም በትንሹ እንደተረገጠ ይኖራል። አጥብቆ ስለማይዝ እየተንሸራተተ ውስጡ ያለውን መያዣ ሸራ ያቃጥላል። ባዶው ቦታ ከበዛ ደግሞ እስከ ወለል ቢረገጥም አይለቅም፣ ማርሽ ይፋጫል። ማስተካከሉ ራሱ ቀላል ነው። ሥር ገብቶ ከፔዳሉ የሚወርደውን የሽቦ ገመድ ጫፍ የያዘውን ዳዶ ማላላት፣ ማዞር፣ መልሶ ማጥበቅ ነው። ቁም ነገሩ የት ላይ ማቆም እንዳለብህ ማወቁ ላይ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አባዬ ጋራዥ መጥቶ ፍሪሲዮኑ እንደከበደው ነገራት። በጣቷ ለካችው፤ ልኩ ነው። ገብታ ረገጠችው፤ ቅቤ ነው። ገመዱ ደርቆ ይሆናል ብላ ሥር ተኝታ ቅባት ሰጠችውና እስቲ ሞክረው አለችው። ያው ነው አላት። ከሥር ስትወጣ ዓይኗ በተከፈተው በር በኩል ጫማው ላይ አረፈ። የቀኙ ደህና ነው። የግራው አፍንጫ ግን መሬት ለመሬት ሲጎተት እንደከረመ ሁሉ ተልጦ ውስጡ ነጭ ሆኗል። የከበደው ፍሪሲዮኑ ሳይሆን እግሩ እንደሆነ ያኔ ገባት። ሐኪም በኋላ እንደነገረን፣ ከወገቡ ወደ ግራ እግሩ የሚወርደው ነርቭ ከዓመታት በፊት ጀምሮ እየደከመ ነበር።

ለአባት እንዲህ ያለ ነገር በምን አፍ ይነገራል? ተመልሳ ሥር ገብታ ዳዶውን ጥቂት አዞረችው። ሁለት ጣት የነበረው አንድ ጣት ሆነ። ይህ ማለት እግሩ እስከ ወለል መውረድ ሳያስፈልገው መንገድ ላይ ሳለ ፍሪሲዮኑ ይለቅለታል ማለት ነው። አባዬ ረገጠው፣ ፊቱ በራ። አሁን ሰው ሆነች ብሎ እያፏጨ ወጣ።

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። አባዬ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ከብዶኛል አለ፤ እሷም ጥቂት አዞረች። ደግሞ መጣ፤ ደግሞ አዞረች። በየጊዜው ፊቱ ይበራል፣ በየጊዜው እያፏጨ ይወጣል። በመጨረሻ ፔዳሉ ላይ ጣት የሚያስገባ ባዶ ቦታ አልቀረም።

ያን ቀን ቤት መጥታ፣ ልብስ የተሰጣበት ጓሮ ወስዳ ነገረችኝ። ንገሪው አልኳት። አንተ ወንድ ልጁ ነህ፣ አንተ ንገረው አለችኝ። አንቺ መካኒኳ ነሽ አልኳት። እንዲህ ስንገፋፋ ልብሱ ደርቆ እናቴ ልታነሳው መጣችና ሁለታችንም ልብሱን እናነሳላት ጀመር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ቤት ግን የደበቀው ባለ በሽታው ብቻ አልነበረም፤ እናቴም ማታ ማታ እግሩን በሞቀ ውሃ እያሸች ለማንም ሳትተነፍስ መክረሟን የሰማነው ኋላ ነው። አባዬ ከዚያች ወንበር ከወረደ ምን ሲያደርግ እንደሚውል ማናችንም ልናስበው አንፈልግም ነበር። እዚያው ከቆየ ደግሞ መንገድ ላይ የሰው ልጅ አለ። እኅቴን እንቅልፍ የነሳት ይህ ነበር።

ዳገት ላይ ላለ አንድ ክሊኒክ የመስኮት መስታወት ይዘን የሄድን ቀን ነገሩ ወጣ። እኔ ከኋላ ቆሜ መደገፊያውን ይዣለሁ። ቆራጩ በራሱ መኪና ቀድሞ ላይ ይጠብቀናል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ከፊታችን ያለው መኪና ቆመና አባዬም ቆመ። ሲነሳ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን አልተነቃነቀችም። ነዳጅ ጨመረ፣ ሞተሩ የባሰ ጮኸ፣ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ከዚያ በጎናችን ያለው የግንብ አጥር ወደ ፊት መሄድ ጀመረ። ወደ ኋላ እየወረድን ነው። ዘወር ስል ጃንጥላ የያዙ አንዲት እናት ከኋላችን መንገዱን ሊያቋርጡ መሐል ገብተዋል። አባዬ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ረገጠው። መስታወቶቹ አንድ ላይ ሄደው ተላተሙ። እኔ ዘልዬ ወርጄ ለጎማው ድንጋይ ታኮ አደረግሁ። የሴትዮዋ ጃንጥላ የኋላውን ስፖንዳ ነክቶ ነበር። መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ጃንጥላቸውን አጥፈው ሄዱ።

ሰው ገፍቶልን፣ ሌላ መኪና ጎትቶን ክሊኒኩ ግቢ ደረስን። ቆራጩ እንደ ልማዱ እያንዳንዱን ኳ ኳ አደረገ። ትልቁ ጋ ሲደርስ ድምፁ ታፈነ። ያላመነ ይመስል ደግሞ መታው። አባዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ለቆራጩ፣ ለገጣሚዎቹ፣ ለዘበኛው ሳይቀር የሚሰማ ድምፅ አውጥቶ፣

«ልጄ ናት ፍሪሲዮኑን ያበላሸችብኝ» አለ።

ደሜ ፈላ። አባቴን እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም አንጀቴን በልቶት አያውቅም። ግራ እግሩን ከጀርባ ደብቆ፣ ሰውነቱን በቀኙ ላይ ጥሎ ነበር የቆመው።

ወሬ ክንፍ አለው። ማታ ሳይሆን እኅቴ ጋራዥ ደረሰ። አንድ ደንበኛ ለአዲስ ፍሪሲዮን የቀጠረችውን መኪና ሳይሰጣት ይዞ ተመለሰ። እሷ ፒክአፗን አስጎትታ አስገብታ ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ አወረደችው። ሸራው ከሰል ሆኖ ነበር። አዲስ ሸራ አስገብታ፣ ካምቢዮውን መልሳ አስራ፣ የመጨረሻው ዳዶ ላይ ስትደርስ እጇን አነሳችና ለነገ አሳደረችው። ያንን ዳዶ ለአባቷ እግር ብታዞረው ዳገቱ ይደገማል። ለመኪናዋ ብታዞረው አባቷ ከወንበሩ ይወርዳል። መሐል የሚባል ነገር የለውም።

በማግስቱ ጠዋት አባዬን ይዤው ሄድኩ። ስንደርስ ከመኪናዋ ሥር ተኝታ ነበር። ዳዶውን አጥብቃ ወጣች፣ እጇን በጨርቅ ጠረገች፣ የሹፌሩን በር ከፈተችለት። ገባ። እሷ መሬት ላይ ተንበርክካ «አባዬ፣ እጅህን ስጠኝ» አለችው። ጣቶቹን ወስዳ ፔዳሉ ላይ አደረገቻቸው። እሱም ጎንበስ ብሎ ጫን አደረገው።

«ስንት ነው?» አለችው።

«ሁለት ጣት።»

«ልኩ ነው?»

«ልኩ ነው» አለ።

«እንግዲህ ርገጠው።»

ሞተሩን አስነስቶ ረገጠው። ፔዳሉ ግማሽ ድረስ ወረደና ቆመ። ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ማንም የማያየው መስሎት መዳፉን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ወደ ታች ገፋው። ማርሽ ለማስገባት ሲሞክር ካምቢዮው ተፋጨ፤ ያን ድምፅ ከእሱ መኪና ሰምቼ አላውቅም። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ተፋጨ። በወዲያኛው ጥግ አንድ ሠራተኛ የተጣመመ በር እየደበደበ ነው፤ ድብደባውን ቀጠለ። አባዬ ሞተሩን አጠፋ።

እጁን ከማርሹ ላይ አነሳ። ከዚያ ወደ እሷ ሳያይ «መቼ ነው ያወቅሽው?» አላት።

«መጀመሪያ ከብዶኛል ብለህ የመጣህ ቀን።»

«ታዲያ ለምን ታዞሪልኝ ነበር?»

«እያፏጨህ ስትወጣ ደስ ስለሚለኝ» አለችው። ጨርቁን እጇ ላይ ጠቀለለችው። «ትናንት ሴትዮዋን ብትገድላቸው ኖሮ የገደልናቸው አንድ ላይ ነበር።»

አባዬ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገው፤ እጁን ሲያወርድ ያረጀ ሰው ሆኖ አየሁት። ከዚያ ከወንበሩ ሳይወርድ፣ መቀመጫው ወጥ ስለሆነ፣ እየተንፏቀቀ ወደ ተሳፋሪው ጥግ ሄደና «ንጂ» አላት።

እኔ መሐል ላይ ተጣብቄ ተቀመጥኩ፤ ማርሹ በጉልበቶቼ መካከል ነው። እኅቴ ፍሪሲዮኑን ስትረግጥ ዓይኔ ወደ ታች ሄደ። የአባዬ ግራ እግርም ባዶውን ወለል ትረግጣለች። ማርሽ በቀየረች ቁጥር እየተንቀጠቀጠች ትወርዳለች፣ እየተንቀጠቀጠች ትነሳለች። እሱ የሚያውቀው አይመስለኝም፤ ወደ ውጭ እያየ ነበር። እኔ ሌላ ነገር ለማየት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም።

በቆራጩ ሱቅ በኩል ሂጂ አላት። ደጃፉ ላይ ስትቆም አልወረደም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ቆራጩን በእጁ ጠራው። ቆራጩ የመቁረጫ ብዕሩን እንደያዘ ወጣ፣ አባዬን በዚያ በኩል ሲያየው ግራ ገባው። ሱቁ ውስጥ ያሉትም ሠራተኞች ቀና አሉ።

«ፍሪሲዮኑ ደህና ነው» አለው አባዬ። «ትናንት በልጄ ላይ የተናገርኩት ውሸት ነው። የተበላሸው የኔ እግር ነው። እሷ ስትሸፍንልኝ ነው የከረመችው።»

ሁሉን ነገር በቀልድ የሚመልሰው ሰውዬ ያን ቀን ቀልድ አልመጣለትም። መስኮቱ ላይ የተደገፈውን የአባዬን ክንድ ያዝ አድርጎ፣ መስታወቱን ከነገ ጀምሮ ልጅህ ትጭንልኝ አለው። አባዬ እሺ ለማለት አገጩን ብቻ አነቃነቀ። እኅቴ መኪናዋን አስነሳች፤ የሱቁ በር ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሲሄድ ነው መነሳታችንን ያወቅሁት።

ቤት ስንደርስ እናቴ የውሃ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ደጅ ወጣች። ማን ከየት በኩል እንደተቀመጠ አየች። እኔና እኅቴ በሹፌሩ በር ወረድን። አባዬ በእሱ በኩል ያለውን የበር መክፈቻ ሳበ። መክፈቻው ተንጠልጥሎ ተመለሰ። ደግሞ ሳበው። በገዛ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ መውጫው ጠፋው። ልከፍትለት ስዞር እናቴ «ተው» ብላ አቆመችኝና ራሷ ሄዳ በሩ ጋ ቆመች።

«መስኮቱን በደንብ አውርደው» አለችው። «እጅህን ወደ ውጭ አውጣ። የውጪውን መክፈቻ ከሥሩ ያዘው። አሁን በትከሻህ ገፋ አድርግ።»

በሩ ተከፈተ። አባዬ አልወረደም። እጁ እንደወጣ፣ የተከፈተውን በር እንደያዘ ቀረ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትወርጂው?» አላት።

«ሁልጊዜ።»

«ዝናብ ሲሆንስ?»

«ዝናብ ሲሆን እጅጌዬ ይረጥባል» አለች እናቴ፤ የወቀሳ ድምፅ አልነበረበትም።

«እኔ ያኔ የት ነበርኩ?»

«አጠገቤ ነበርክ። ፍሪሲዮንህን እየረገጥክ ታዳምጣለህ።»

አባዬ እናቴን አያት። ከፍሪሲዮኑ ሌላ የሚሰበር ነገር መኪናዋ ውስጥ መኖሩን ገና ያን ሰዓት የሰማ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ እኅቴ ዞሮ፣ ነገ መስታወት ከመጫንሽ በፊት ይህን በር ሥሪው አላት። ቀኝ እግሩን አወረደ። ግራው አልታዘዝ ሲለው በሁለት እጁ ከጉልበቱ ሥር አንስቶ፣ እንደ መስታወት ተጠንቅቆ ወደ ውጭ አወጣው። እናቴ ብብቱ ሥር ገብታ ደገፈችው።

«ቀስ በል» አለችው።